ዱባ ሃያ ስድስት፣ አቮካዶ መቶ ስድሳ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሃምሳ። ሐኪሙ የሰጠን ቁጥር ይኼ ነው። አባዬ ሃምሳ ኪሎ ካልሞላ ቢላ አላነሳም አለ። ሆዱ ውስጥ ያለው እጢ ክፉው ዓይነት አይደለም፤ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ክረምቱ ሳይወጣ ካልተነሳ አንጀቱን መጫን ይጀምራል። «አሁን ባላቸው ሰውነት ማደንዘዣውን አይችሉትም። በደንብ ይመግቧቸውና ይዘዋቸው ይምጡ» አለኝ።

ዛሬ ሲመዘን አርባ ስድስት ነጥብ ሁለት ነው።

መንገድ ላይ ቆም አለና፣ «በይ እንግዲህ ሙክት ሆኛለሁ፤ ጥሩ ጥሩውን አቅርቢ» አለኝ። ሳቅኩ። ቤት ገብተን ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰና «ጠገብኩ» አለ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ የምግብ ባለሙያ አለች ተባልንና ሄድን። ልጅ እግር ናት። ጥግ ላይ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የምግብ ሰንጠረዥ አላት። አባዬ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። እማዬ ከሞተች ወዲህ፣ ይኸው ዓመት አለፈው፣ ከጉሮሮው የሚወርድለት የተቀቀለ ዱባ ብቻ ነው። እማዬ ናት አጥሩ ጥግ የተከለችው፤ ማንም ሳይንከባከበው ዘንድሮም አፈራ። እሱን ግን አንድ ሳህን ሙሉ ይጨርሳል።

«አንድ ሳህን ሙሉ» ያልኩት በኩራት ነበር። ልጅቷ ወደ ሰንጠረዡ ዞረች።

«መቶ ግራም ዱባ ሃያ ስድስት ካሎሪ ነው። መቶ ግራም አቮካዶ መቶ ስድሳ። አባባ ሆድዎ ይሞላል እንጂ ሰውነትዎ እየተራበ ነው።»

አባዬ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ቁጥር ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ተቀምጦ ካየሁት ቆይቷል።

«ስድስት እጥፍ» አለ። «ትንሽ ትርፍም አለው።»

ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል?» አለችኝ። «አይ፣ ልካቸው ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም። ልኩ ነው።

ስንወጣ ስም አወጣላት፤ ወይዘሪት ካሎሪ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ ማታ

የስፌት ሱቄ በተማሪ ዩኒፎርም ተጨናንቋል። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ቀና ብዬ ሰማይ ማየትም የለብኝም። ለማንኛውም ስመለስ ሦስት አቮካዶ ገዝቼ ገባሁ፤ የሚያማምሩ፣ እጅ ላይ ልስልስ የሚሉ። አንዱን ለሁለት ከፍዬ፣ ጨው ነስንሼ፣ ማንኪያ አስቀምጬ አቀረብኩለት።

አየው። አገላብጦ አየው። አንዴ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሳሙና።»

«አባዬ፣ መቶ ስድሳ ነው!»

«ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለኝ፤ ያን ጊዜ አስተማሪው ከውስጡ ብቅ አለ። «የዚህን ሳሙና አንድ ማንኪያ በላሁ እንበል። አሥራ አምስት ግራም ነው፤ ካሎሪው ሃያ አራት። ዱባውን ደግሞ አራት መቶ ግራም እበላለሁ፤ መቶ አራት። ማን በለጠ?»

«አቮካዶውን አራት መቶ ግራም ብትበላውስ?»

«ብበላውማ። አልበላውም። ያልተበላ ካሎሪ ዜሮ ነው።»

አቮካዶና ዱባ አበላሉ ለየቅል ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ። ተናደድኩና አቮካዶውን ራሴ በላሁት። የሚወፍረው እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ። ግን ይህን ያህል ካወራ ስንት ጊዜው! እራት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። እማዬ በሕይወት እያለች እንኳ እንዲህ የሚሟገተው ደስ ሲለው ብቻ ነበር።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

46.0። እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ከሥራው ቦታ ደወለ። እሱ ያለበት ከተማ ሩቅ ነው፤ «ስንት ደረሰ?» ከሚል በቀር ቃል የለውም። «እዚያ ካልሆነለት እኔ ጋ ይምጣ፤ እዚህ ትልልቅ ሆስፒታል አለ» ይላል። አባዬን ከዚያ አጥርና ከዚያ ዱባ ነጥሎ ወስዶ ምን ሊያበላው ነው!

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የአባዬን ቡኒ ሱሪ ዛሬም በወገቡ በኩል አጠበብኩት። ከእማዬ ሞት ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። የሚታጠብ አስመስዬ ወደ ሱቅ ወሰድኩት፤ ከኋላ ስፌቱን ገልብጬ ሌላ መስመር ጨመርኩበትና ተኩሼ መለስኩት። ጨርቁን አልቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ብቻ ነው የምሰፋው። ክሩን ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ነው ያደረግኩት፤ ማንም አያገኘውም።

ለምን እንደማደርገው አውቃለሁ። ጠዋት ሱሪውን ሲያጠልቅ እየተንሸራተተ ሞራሉ እንዳይነካ ነው። በዚያ ላይ ትናንት ጎረቤታችን በር ላይ አይታው «አባትሽ አምሮባቸዋል፤ ልብሱ እንዴት ነው የተቀመጠላቸው!» አለችኝ። እሷ ስትለው ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው ያን ያህል ደስ አላለኝም።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

45.8።

ወደ ታች ነው የምንሄደው። ወይዘሪት ካሎሪ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። አባዬ ኮቱን እየቆለፈ ሳለ «መጣሁ» ብዬው ወጣሁና በጤና ጣቢያው ጀርባ፣ የውኃ ጋኑ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ደግነቱ አላየኝም። በመንገድ ሁሉ ስለ ክፍልፋይ ነበር የሚያወራኝ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

አባዬ ዛሬ ሥራ አዘዘኝ። ከሰማያዊው ኮቱ ላይ በግራ በኩል የውስጥ ኪስ እንድሠራለት። ለመነፅሩ ነው አለ።

«ጠለቅ ያለ ይሁን። ገበሩም ድርብ ይሁን።»

«ለመነፅር ድርብ ገበር ምን ያደርጋል?»

«የኔ መነፅር ከባድ ነው። ብዙ አይቷል።»

ሳቅኩና ሠራሁለት። ከተመዘነ ወዲህ ቀና ብሎ ነገር ሲያዘኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አለኝ። አፉን በድርብ ስፌት አጠናከርኩለት። ድንጋይ ቢከቱበት አይቀደድም።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

46.4!!!

ስድስት መቶ ግራም! ወይዘሪት ካሎሪን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ። ክፍሉ ስለሚበርድ አባዬን በኮቱ ነው የምትመዝነው፤ ሁልጊዜ አንድ ኮት ስለሆነ የኮቱን ክብደት ትቀንስለታለች። አባዬ ከሚዛኑ ሲወርድ ፊቴን ነበር የሚያየው። ቁጥሩን ሳይሆን ፊቴን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለኝ።

በመንገዳችን ሁለት አቮካዶ ገዛሁ። ዛሬ ግማሹን ሳያኮርፍ በላው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ጨርቅ ስቆርጥ እንዳይንሸራተት ጫፍ ጫፉን የምጭንባቸው ብረቶች አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው አራት መቶ ግራም ይሆናሉ። አንዱን አጣሁት። ቁልፌን ጠየቅኳት። ቁልፌ የምንላት አብራኝ የምትሠራዋን ነው፤ ቁልፍ መትከልና የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ካልሆነ ሌላ ስፌት አልነካም የምትል ትልቅ ሴትዮ ናት። «እኔ ብረት ምን ያደርግልኛል፣ ላንጠለጥለው ነው?» አለችኝ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

47.0። ዛሬ ዩኒፎርም ስሰፋ እያንጎራጎርኩ ነበር። ቁልፌ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ዱባ» አልኳት።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሁለተኛውም ብረት የለም። ሦስት ጥቅል ጨርቅ ነው ዛሬ አጣምሜ የቆረጥኩት። ለቁልፌ ክፉ ቃል ተናገርኳት፤ ምን እንዳልኳት እዚህ ላይ አልጽፈውም። ኩርፊያዋ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ የቁልፍ ቀዳዳዋን ብቻ ትሠራለች።

ሌላ የሚያበሳጨኝ ነገር፤ የአባዬ ሰማያዊ ኮት በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። እኔው የሰፋሁት ኮት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ኖሮ አሁን ምን ነካው? አባዬ እንቅልፍ ሲወስደው በወንበሩ ጀርባ ላይ እንደ ተሰቀለ የግራውን ትከሻ ፈትቼ ከፍ አደረግኩት፤ ውስጡም ስስ ስፖንጅ ጨመርኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ትከሻ ስገጥም ኖሬ እንዲህ ዓይነት ስህተት መሥራቴ ያሳፍራል። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

47.6!

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሆኜ አባዬ ከወንድሜ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «እህትህ? ደህና ናት» ይላል። «ቁጥሩ ከፍ ሲል ትስቃለች። ዝቅ ሲል ግን እህል አትቀምስም፣ አትተኛም። ... ኧረ እኔ ምን አለብኝ! ቁጥር ነው። ቁጥር ዕድሜ ልኬን ሲታዘዘኝ ነው የኖረው።»

ወንድሜ ምን እንዳለው አልሰማሁም። አባዬ አስተማሪ አይደል፤ የሚናገረው ነገር ሁሉ እንቆቅልሽ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ብረት!! ቁልፌ መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ ሰክታ ወጣች። «ሌባ ካልሽኝ ሌባ ፈልጊ፤ እኔ አልሠራም» አለች። መቶ ሃያ ሸሚዝ ያለ ቁልፍ ቆሞ ይጠብቃል።

የኮቱ ትከሻ ደግሞ እንደገና ወረደ። ይኼ ኮት ይበቀለኛል እንዴ?

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

48.3። ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ ሆኖም ወይዘሪት ካሎሪ ዛሬ ቁጥሩን ሦስቴ አየችው። ከዚያ የአባዬን ጉንጭ አየች። «ፊትዎ ላይ አልመጣም እኮ አባባ» አለችው። «እግሬ ላይ ነው የሚቀመጠው» አለ። እሷ አልሳቀችም፤ እኔ ግን ሳቅኩ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ ማታ

ኮቱን ምን እንደነካው ዛሬ አወቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርድ ነበር። አባዬ ዱባውን ከአጥር ጥግ ሊያመጣ ወጥቶ ተነክሮ ገባ። ልብሱን ቀይሮ ጋደም ሲል ኮቱን ላደርቅለት አነሳሁት። ለወትሮው ራሱ ስለሚሰቅለው አንስቼው አላውቅም ነበር። ክብደቱ ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። መነፅሩ ከባድ ነው ብሎኝ የለ? እጄን ከተትኩ።

አራት ብረቶቼ እዚያ ናቸው። አራተኛው መጥፋቱን እንኳ ገና አላወቅኩም ነበር። ለካ ሱቅ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ይዞ ይወጣ ኖሯል። እንዳይንቃጨሉ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሏቸዋል፤ የኔኑ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ትከሻውን ከፍ ያደረግኩት፣ ስፖንጅ የጨመርኩት፣ ራሴን የሰደብኩት፣ ቁልፌን ያስከፋኋት ሁሉ ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያቸው ከፊታቸው ቁጭ አልኩ። አባዬ ሲነቃ መጀመሪያ እነሱን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«አርባ ዓመት ስንት ልጅ በኩረጃ ቀጣህ?» አልኩት።

«ብዙ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጥሩ ኮራጅ እንዴት እንደሚሠራ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

አልሳቅኩም። «ሐኪሙ ይህን ቁጥር አምኖ ቢያስተኛህስ? ማደንዘዣ የሚሰጠው ለአንተ ነው ወይስ ለብረቱ?» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ በአባዬ ላይ ጮሄ አላውቅም።

የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቱ እያጠፈ እየዘረጋ ቆየ።

«እዚያ ሳልደርስ ላወጣቸው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ትንሽ እየበላሁ ሳለ እደርስበታለሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ ብዬ ነው። ብድር ነበር። ... ያን ቀን ጋኑ ጋ ስታለቅሺ አየሁሽ። እናትሽም እዚያ ቦታ ነበር የምታለቅሰው፤ ሐኪሙ ስለ እሷ ሲነግረን። ሁለተኛ ላየው አልፈለግኩም።»

አንዱን ብረት ከጨርቁ ፈትቼ መልሼ ጠቀለልኩት።

ቀስ ብሎ ተነሳ። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጎ፣ የቡኒ ሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገልብጦ አሳየኝ።

«እኔን ካልሽ፣ ይኼንስ ማን ሠራው? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክሩን ሳይቀር ከጨርቁ ጋር አመሳስለሽዋል። የእጅሽን ስፌት የማላውቅ መሰለሽ? ኮራጅ የኮራጅ ልጅ!»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። ስቄ ይሁን አልቅሼ ለራሴም አልገባኝም። እሱም አብሮኝ ሳቀ፤ ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ቆየ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሒሳቡ አልገባ ሲለኝ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

አሁን ተኝቷል። እኔ ግን አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣብኛል። ያቺ ልጅ «ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል?» ስትለኝ «ልካቸው ነው» አልኳት። ልኩን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እያለቀ ሳለ እያሳመርኩት ነበር። እሱ ለአራት ሳምንት ዋሸኝ፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ዋሸሁ፤ መጀመሪያ የዋሸሁት ደግሞ ለራሴ ነው።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሁለታችንም እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ወይዘሪት ካሎሪ ፊት ቆምን። አባዬ ራሱ ነው የተናገረው፤ ብረቶቹንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። እኔም ስለ ሱሪው ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እኔም ኮቱን አላስወለቅኩም፤ ጥፋቱ የሦስታችን ነው» አለችና ማሞቂያ አምጥታ አበራች። አባዬ በሸሚዝ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

46.7።

ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ይቀራል። የቀረን ጊዜ ከስድስት ሳምንት አይበልጥም። አባዬ እንኳ ቀልድ አጣ።

«በሉ ከመጀመሪያው እንነሳ» አለች ልጅቷ። «ዱባውን እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«እልጠዋለሁ፣ ፍሬውን አወጣለሁ፣ እቀቅለዋለሁ፣ በጨው እላቁጠዋለሁ።»

«ፍሬውንስ?»

«እጥለዋለሁ።»

ወንበሯ ላይ ዞራ ሰንጠረዡ ላይ ጣቷን ታች አወረደች። እኛም ተከተልናት። የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ፣ መቶ ግራም፣ አምስት መቶ ስድሳ ገደማ።

አባዬ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያሰላ አየሁት። «ከአቮካዶው ሦስት እጥፍ ተኩል» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዱባ አሸነፈ!»

«ፍሬው ነው እንጂ ሥጋው እኮ አይደለም» አልኩት።

«ፍሬውን የወለደው ማን ሆነና!»

ቆሎ አድርጋችሁ ፍጩት፣ ከዱባው ጋር ለውሱት፣ ዘይትም ጠብ አድርጉበት፣ ግማሽ አቮካዶ ደግሞ በየቀኑ አይቅር አለችን። አባዬ አቮካዶውን ተሸናፊ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ አዝንለታለሁ፣ እበላዋለሁ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። «እናትሽ እኮ ታጥበው ነበር» አለኝ። «ጣሪያ ላይ ታሰጣዋለች። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ሳርም አጠገቤ ቁጭ ብላ እየፈለፈለች በጄ ታስይዘኝ ነበር። እኔ አፍ ማሟሻ መስሎኝ!»

እኔ ደግሞ ለዘር መስሎኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ጣልኩት።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

በጠዋት ቁልፌ ቤት ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ በሩን አንኳኳሁ። ታሪኩን ስነግራት ደፍ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ትከሻውን ከፍ አደረግሽው!» ትላለች፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ቆም ትልና እንደገና ትጀምራለች። ይቅርታዬን በሳቅ ተቀበለችኝ። ከሰዓት ሥራ ገባች።

የክር መቁረጫ መቀሴ የዱባ ፍሬ ጠርዝ ለመፈልፈል የተፈጠረ ነው። ማን ያውቅ ነበር!

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

47.6። በሸሚዝ። ያለ ኮት። ይህ ቁጥር ሐምሌ 7 ቀን ያየነው ነው፤ ያኔ የብረት ነበር፣ አሁን የአባዬ ነው። ጎረቤቶች ሁሉ ፍሬ ያመጡልናል። ቁልፌ በየማለዳው በመሀረብ ቋጥራ ትመጣለች፤ በሥራ ሰዓት የፈለፈለችው ነው፣ አውቃለሁ፣ ዝም ብያለሁ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

48.3።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጉንፋን ያዘው። ያስላል። ሳህኑን ገፋ። «አባዬ፣ ያልተበላ ካሎሪ ስንት ነው?» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ «አትጨቅጭቂኝ» አለ። ፈራሁ። ሱቁን ለቁልፌ ትቼ አጠገቡ ዋልኩ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

48.2። ወንድሜ ደወለና «ስንት ደረሰ?» አለኝ። ከፍ አድርጌ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ነገርኩት። «እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ የሚፈለፈል ነገር አለ አሉ» አለ። ወንድሜ ሊፈለፍል!

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ወንድሜ መጣ። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠን ሦስታችንም ፈለፈልን። ወንድሜ አንድ ሲፈለፍል ሁለት ይበላል። አባዬ መልሶ መላልሶ ገሠጸው፤ ከዚያ እሱም ከሳህኑ ላይ ይሰርቅ ጀመር። እኔ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

49.2!

ማታ ሱሪውን እያጠለቀ ጠራኝ። «ነይ እስቲ! ይኼ ሱሪ ምን ሆነ? ቁልፉ አልደርስ አለ። አጥበሽ አሳጠርሽብኝ?»

አላጠብኩትም። ወገቡ ላይ ሆዱ ቀልቶ ተጫነ፤ የክሩ ምልክት ታትሞበታል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ሦስተኛውን መስመር እዚያው፣ እሱ ቆሞ እያለ ፈታሁት።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ አባዬ ኮቱን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ። ወይዘሪት ካሎሪ ፈቃድ ጠይቃ አብራን መጥታለች። «ኪስዎንም አባባ» አለችው፣ ሳቋን እየዋጠች።

አባዬ የሱሪውን ኪስ ገለበጠ። የተቆላ የዱባ ፍሬ፣ አንድ ጭብጥ ሙሉ።

ሐኪሙ «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

አባዬ መዳፉ ላይ ያለውን ፍሬ አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጭብጡን አፉ ውስጥ ጨመረና ቀስ ብሎ፣ ሁላችንንም እያስጠበቀ አላመጠ። ዋጠ። ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«አሁን በሕጋዊ መንገድ ነው የገባው» አለ።

50.0።

ሐኪሙ ሐሙስ ጠዋት አለን።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ጠዋት ልብሱን አስይዘውኝ አባዬን ወደ ቀዶ ጥገናው ወሰዱት። ኮቱ እቅፌ ውስጥ ቀሎኝ ነበር፤ ያ ክብደቱ ምነው በኖረ ብዬ ተመኘሁ። ወንድሜ ኮሪደሩን ይመላለሳል። ቁልፌ ሱቁን ዘግታ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ጉልበቴን ይዛለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሰዓት መጻፍ አልችልም።

ወጥቷል። እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ነገረን።

ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደሚበላ ነው። ነርሷ ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ ነው አለችው። «ስንት ካሎሪ አለው?» አላትና መልሱን ሳይሰማ ተመልሶ ተኛ።

አሁን አልጋው ጥግ ተቀምጫለሁ። እጄ ሥራ ሲፈታ ስለማይወድ የቡኒ ሱሪውን አውጥቼ ሁለተኛውን መስመር ፈታሁት፤ ሲወጣ እንዳይጠበው። የመጀመሪያው ቀረ። እማዬ በሞተች ሰሞን የሰፋሁት ነው። እሱ ከተፈታ ሱሪው እማዬ የምታውቀው ልክ ይሆናል። ይቆይ ብዬ አጠፍኩት። አሁን ሃምሳ ኪሎ ብቻ ነው፤ ይሰፋዋል፤ ሐኪሙም ከዛሬ በኋላ ትንሽ መቀነሱ አይቀርም ብሏል።

ሱሪውን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አባዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ተኝቷል ብዬ ነበር።

«ያንንም ፍቺው» አለኝ፣ ድምፁ ሻክሮ። «እደርስበታለሁ።»

መቀሴን አወጣሁ።